ቮልስ ይዛችሁ አዲስ አበባ ጋራዥ ለምትገቡ

ዘንድሮ አገር ቤት በሄድኩበት ጊዜ የቤተሰባችንን ቮልስ ሁለት ጋራዥ አስገብቻለሁ። አንደኛው ቦሌ አካባቢ ያለ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ማኪያቶ የሚቀርብበት ትልቅ ጋራዥ ነው። ሁለተኛው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በቆርቆሮ የታጠረ፣ የታፔላው ጽሑፍ ፀሐይ በልቶት የማይነበብ የድሮ ጋራዥ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። የድሮ መኪና ያላችሁ ግን ልዩነቱን ብታውቁት ብዙ ገንዘብ ያድንላችኋል።

ከመጥፎው ልጀምር። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል፣ 1300 ናት። ችግሯም ሞተሩ ሲነሳ ቫልቮላ መጮሁ ብቻ ነበር። ትልቁ ጋራዥ ሊያያት የመጣው ልጅ ስካነር ይዞ መሰኪያ ይፈልግ ጀመር። ይህች መኪና ኮምፒውተር የላትም፣ መሰኪያም የላትም። ከዚያ በኋላ የተሰጠው ውሳኔ "ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት" የሚል ነው፤ ፋሻው፣ ኩሽኔታው፣ ቫልቮላው፣ ሁሉም። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት፣ አልተለካም። የቫልቮላ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። ክዳኑ በአንዲት የሽቦ መያዣ ብቻ የተያዘ ነው፤ በካቻቢቴ ወደ ታች ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል።

እድሳቱ ይቅር፣ ዘይት ብቻ ቀይሩ ተባለ። ለማታ የተባለው ሥራ "የስቶር ሠራተኛው የለም"፣ "ሂሳብ ክፍል ወጥቷል" እየተባለ ቀናት ፈጀ፤ በመካከል ደውሎ የሚያሳውቅ ሰው አልነበረም። ውጭ አገር ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ ግምት ይሰጣችኋል፣ ሲዘገይም ይደወላል። ይህን ለማድረግ ወረቀትና ስልክ እንጂ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ሦስት ነገሮች ተጽፈዋል፦ "ዲያግኖስቲክ"፣ "የዘይት ፊልትሮ" እና "ዘይት 4 ሊትር"። አንድ በአንድ እንየው። ዲያግኖስቲክ የተባለው ያ ያልተሰካ ስካነር ነው። የዘይት ፊልትሮ የሚባል ነገር ቮልስ ላይ በፋብሪካው አልተገጠመም፤ ያላት ከሥር በክብ ሳህን የተከደነ የሽቦ ወንፊት ነው፣ እሱ ታጥቦ ይመለሳል እንጂ አይቀየርም። ዘይቷም 2.5 ሊትር ብቻ ነው። አራቱን ሊትር ስላስከፈሉ አራቱንም ጨምረውታል።

ጉዳቱ ከገንዘቡ የባሰው እዚህ ላይ ነው። በክራንኩ ፑሌጃ በኩል ዘይት የሚይዝ የጎማ ሲል የለም፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው ፑሌጃው ላይ የተቀረጸ ጥምዝ ብቻ ነው። ዘይት ሲበዛ በዚያ በኩል ይረጫል፣ ቺንጋውን ያረጥባል፣ ሞተሩን በሙሉ ያጨማልቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ "አላልኳችሁም፣ ሞተሩ ታምሟል" የሚል መካኒክ ነው። በዚህ ላይ የወንፊቱን ሳህን የሚይዙት ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚፈልጉት፣ በአጭር ቁልፍ በሁለት ጣት ማጥበቅ ማለት ነው። እነሱ በረጅም ቁልፍ አጥብቀው የአንዱን ብሎን ጥርስ በልተውታል። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም ቅይጥ ስለሆነ ለጉልበት አይሆንም። ዘይት የቀየራችሁ ዕለት መለኪያውን ራሳችሁ አውጥታችሁ እዩ፤ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ከግቢው ሳትወጡ አስቀንሱት።

አሁን ወደ ቫልቮላው። የድሮ መካኒኮች የቮልስ ቫልቮላ ትንሽ ሲጮህ ደስ ይላቸዋል፣ ጭራሽ ዝም ሲል ነው የሚፈሩት። ምክንያቱም በቫልቮላው ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት ከጠበበ ቫልቮላው በደንብ አይዘጋም፤ ካልተዘጋ ሙቀቱን ለመቀመጫው አያስረክብም፣ ይቃጠላል። በተለይ የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቮላ። በነዚህ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የአየር ማከፋፈያው ውስጥ ስለተቀመጠ ሦስተኛው የሚያገኘው አየር ትኩስ ነው። ክፍተቱ በየሰርቪሱ እየጠበበ የሚመጣው እሱ ከሆነ ቫልቮላው እየተለጠጠ ነው፤ አንገቱ ተቆርጦ ፒስቶኑን ሳይበሳ መቀየር አለበት። ሞተር ለማውረድ በቂ ምክንያት ያ ነው፣ ጩኸት አይደለም።

ተክለ ሃይማኖት ያሉት ጋሼ ይህን ሁሉ ያለ ወሬ ነው የሠሩት። መጀመሪያ ያሉት መኪናዋ ትደር ነው፤ የቫልቮላው ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነውና። ጠዋት ካንዴላዎቹን ፈቱ፣ ኮምፕሬሽን ለኩ። ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ ካለው ማነሱ አይቀርም፤ የሚታየው በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ሆኑ። ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንስተው፣ ውስጡ የሚዞረው ሮተር በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ያለችውን የአንደኛ ሲሊንደር ምልክት እስኪያይ ሞተሩን በእጅ አዞሩ። በ13 ቁልፍ ዳዶውን አላልተው፣ ባለ 0.15 ሚሊ ሜትር ስስ ብረት ክፍተቱ ውስጥ አስገብተው፣ ሲሳብ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላ ለስለስ ብሎ እስኪወጣ አስተካከሉ። ቀጥሎ ፑሌጃውን ግማሽ ዙር ወደ ኋላ እየመለሱ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ወደ ኋላ ማዞሩ ዝም ብሎ አይደለም፤ ሞተሩ የሚተኩሰው 1-4-3-2 ስለሆነ ወደ ኋላ ሲሄድ ቅደም ተከተሉ 1-2-3-4 ይሆናል፣ ሰው አይሳሳትም። ዳዶው ሲጠብቅ ልኩ ስለሚሸሽ እያንዳንዱን ካጠበቁ በኋላ ደግመው ይለካሉ። ያንን ሁለተኛ ልኬት የማይለካ መካኒክ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

እዚያ ግቢ ጥግ ላይ ያየሁት ነገር ሆዴን አባብቶታል፦ ካንዴላ በአሸዋ የሚያጸዳው የድሮ ማሽን፣ እስካሁን ይሠራል። ካንዴላው ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ በኮምፕሬሰር አየር የሚነፋ ደቃቅ አሸዋ ጥላሸቱን ይልጠዋል፣ ከዚያ በንጹሕ አየር ይጠረጋል፤ በትንሿ መስኮት በኩል እሳቱ ሲዘል ይታያል። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ከቀረች ሲሊንደር ትቧጥጣለች፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ በአየር መጥረጉ አይታለፍም። በአጂፕና በሞቢል ዘመን ማደያ ማለት ይህ ነበር፤ ቤንዚን ቀድቶ መሸኘት ብቻ ሳይሆን እጥበትና ግራሶ፣ የባትሪ ውሃ፣ የጎማ ነፋስ። ዛሬ ማደያ ሰልፍ ብቻ ሆኗል። ግራሶውንም ጋሼ እንደ ደንቡ ነው የሠሩት፤ የፊት አክሱ ቱቦ ላይ ላሉት አራት ጡቶች ግራሶ የሚሰጠው የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነስተው ነው፣ ክብደት ካረፈባቸው ግራሶው በሚገባ አይደርስም። ጠቅላላ የወሰዱት ትልቁ ጋራዥ ለ"ዲያግኖስቲክ" ካስከፈለው ያነሰ ነው። የተበላውንም ጥርስ በዚያው ገንዘብ ጠግነውታል።

አንድ ነገር ግን ከውጭ ለምትመጡ። ለአባታችሁ አዲስ ካርቡራተር በሻንጣ ይዛችሁ ከመጣችሁ የቤንዚን ቀዳዳው ልክ ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳስቷል፣ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ትታፈናለች። ስራ ፈት ዙሩን በካቻቢቴ ማስተካከል ይህንን አይፈታውም፤ ዋናውን ቀዳዳ አነስ ባለ ቁጥር መቀየር ነው። አሮጌውን ካርቡራተር ሳትጥሉ የዋናውን ቀዳዳ ቁጥር አንብቡ፣ የድሮ ባለሙያ አስቀድሞ ቀይሮት ሊሆን ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው አጥብቆ ነው የሚይዘው፣ ሱማሌ ተራም ደህና ዕቃ ቶሎ ያልቃል። ለሻንጣችሁ ቀላሎቹ እነዚህ ናቸው፦ ኮንታክትና ኮንደንሰር፣ የቫልቮላ ክዳንና የዘይት ወንፊት ጋስኬት ከነመዳብ ቀለበቶቹ፣ አንድ የዲናሞ ቺንጋ። ቺንጋውን አትናቁት። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ የሚዞረው በእሱ ነው፤ መንገድ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት በድንገት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል "ማደያው ድረስ ላድርሳት" ሳትሉ እዚያው ሞተሩን አጥፉ።