ለትንሽ ሞተር ጀልባ የቱን መብራት እንግዛ? የትስ እንሰረው?

ከቃሊቲ ወጥተን በገላንና በዱከም ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ፣ ግቢያቸው ውስጥ ጀልባ በተሳቢ ላይ ያቆሙ ሰዎች አሉ። አንዱ ባቦጋያ ላይ ይንሸራሸርበታል፤ ሌላው እስከ ቆቃና ዝዋይ ይጎትተዋል። ሞተር ሲመርጡ ብዙ ይከራከራሉ። መብራቱ ግን የመጨረሻ ቀን ሥራ ይሆናል። ይሄ ያሳስበኛል። ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፤ ጨለማውም ቶሎ ነው የሚወርደው። በዚያ ሰዓት መረቡን ሊጥል ያለ ምንም መብራት የወጣ ዓሣ አጥማጅ ሊኖር ይችላል። እናንተ እሱን አታዩትም። እሱ ግን ወዴት እየሄዳችሁ እንደሆነ ከመብራታችሁ ማወቅ አለበት።

መለኪያችን በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ግጭት መከላከያ ደንብ ነው። የተጻፈው ለባሕር ነው። ቢሆንም ደህና የጀልባ መብራት የሚሠራው በእሱ ልክ ስለሆነ ለሐይቅም ያገለግለናል። ግራ ቀይ፣ ቀኝ አረንጓዴ ነው። ግራና ቀኝ የሚባለው ወደ ፊት ለሚያይ ነጂ ነው። እያንዳንዱ ቀለም ከፊት ለፊት ጀምሮ 112.5 ዲግሪ ይሸፍናል፤ ማለትም ጎኑን ትንሽ ወደ ኋላ አልፎ ይቆማል። እነዚህ ሁለቱ የጎን መብራቶች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ነጭ መብራትም ያስፈልጋል።

ነጩ፦ አንድ ወይስ ሁለት?

ከ12 ሜትር በታች ለሆነ ሞተር ጀልባ ደንቡ ምርጫ ይሰጣል። ወይ ወደ ፊት 225 ዲግሪና ወደ ኋላ 135 ዲግሪ የሚያበሩ ሁለት ነጮች፣ ወይ ደግሞ ዙሪያውን የሚያበራ አንድ ነጭ። እኔ ያለ ማመንታት አንዱን እመርጣለሁ። ሁለቱ ሽቦ ያበዛሉ፣ ቀዳዳም ያበዛሉ። በትክክል ካልተገጣጠሙ ደግሞ መሐላቸው ጨለማ ይቀራል። አንዱ ግን መልሕቅ ጥላችሁ ስትቆሙም ይሠራል። የጎኖቹን አጥፍታችሁ እሱን ብቻ ታበራላችሁ።

ከ7 ሜትር ያነሰና ፍጥነቱ ከ7 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የማይበልጥ ጀልባ በነጩ ብቻ መሄድ ይፈቀድለታል። ከተቻለ ግን የጎኖቹም ይኑሩት ይላል ደንቡ። ቢሾፍቱ ላይ እንዲኖሩት አጥብቄ እመክራለሁ። ሐይቆቹን የሎጅና የሪዞርት መብራት ከቧቸዋል። ነጭ ብቻ ከነሱ ጋር ይቀላቀልና ጀልባ መሆኑ አይታወቅም። የሚለየው ቀዩና አረንጓዴው ነው።

ነጩን ከፍ አድርጉት። ደንቡ ከጎን መብራቶቹ ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል ይላል፤ ለእኔ ግን ይሄ መነሻ ነው። ቆሞ የሚነዳ ሰው ጭንቅላት አንዱን አቅጣጫ በሙሉ ይጋርዳል፤ የሚፈቀደው ግርዶሽ ደግሞ ከ6 ዲግሪ አይበልጥም። ዝቅ ያለ ነጭ በነጂው ዓይን ላይ ስለሚያበራም ውሃውን ማየት ያስቸግረዋል። ጀልባው ጣሪያ ካለው ከጣሪያው በላይ እሰሩት። ከሌለው ከኋላ የሚቆም ዘንግ ያስፈልጋል። ዘንጉ ቋሚ ወይም ተነቃይ ሊሆን ይችላል። ቋሚው ይጠነክራል፤ ተሳቢ ላይ ግን ቅርንጫፍና የግቢ በር ይመታዋል። ተነቃዩ ለእኛ ይስማማል። ድክመቱ ሶኬቱ ነው፤ እርጥበት ሲገባው ይዝጋል። ክዳን ያለውን ፈልጉ።

የፊቱ፦ ለየብቻ ወይስ የተጣመረ?

ቀይና አረንጓዴው በአንድ አካል ውስጥ የተጣመሩበት መብራት ለትንሽ ጀልባ ይሻላል። መለያያው በፋብሪካ ስለተሠራ እናንተ የምታስተካክሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። በጀልባው መሐል መስመር ላይ፣ አፍንጫው ጫፍ ይታሰራል። ለየብቻ የሆኑት ጎናቸው ቀጥ ላለ፣ ክፍል ላላቸው ጀልባዎች ያምራሉ። ጎኑ ወደ ውስጥ በሚያጠብ ጀልባ ላይ ግን አንዱ ትንሽ ከዞረ ቀለሙ ወደ ሌላው ወገን ይሻገራል፤ ከፊት የሚመጣው ሰውም ይሳሳታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ሞተሩ ሲፈጥን አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል። መብራቱ ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን እንዲሰጥ የሚጠበቀው ከአግድም መስመር ወደ ላይና ወደ ታች 5 ዲግሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተሳቢ ላይ በቆመበት አትለኩት። መጀመሪያ ውሃ ላይ በምትነዱበት ፍጥነት ጀልባው ስንት እንደሚያዘነብል እዩ። ከዚያ ከሥሩ ሽብልቅ አስገብታችሁ አስተካክሉ።

ኤልኢዲ ወይስ አምፖል?

ኤልኢዲ። ሁለት ባለ 10 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 1.7 አምፔር ገደማ ይስባሉ። በ4 ሰዓት ውስጥ ወደ 7 አምፔር-ሰዓት ይሆናል፤ ሞተር የሚያስነሳው ባትሪም ያው ከሆነ ያሳስባል። በጠቅላላው 5 ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ የዚህን ሩብ ነው የሚበላው። ግን መብራቱን በሙሉ ግዙ። አሮጌው ቤት ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ መሰካት ቀለሙን ያበላሻል፤ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ቀዩ ይፈዛል።

ስትገዙ አካሉ ላይ የታተመውን ርቀት አንብቡ። ለነጩ 2 የባሕር ማይል፣ ለጎኖቹ 1 ማይል ነው። 1 ማይል 1,852 ሜትር ስለሆነ ለባቦጋያ ከበቂ በላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ድምቀት ላይ ገንዘብ አታጥፉ፤ ለዘንጉና ለጥሩ ሽቦ አውሉት።

ከሶማሌ ተራ የሚገዛ የጭነት መኪና የጎን መብራት ርካሽ ነው፣ ውሃም ሊችል ይችላል። ነገር ግን የዲግሪ ገደብ የለውም። ለጀልባ አልመክረውም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩት ተለጣፊዎች ለመጠባበቂያ ጥሩ ናቸው፤ አንድ ጥንድ ሳጥን ውስጥ ይኑር። ለጌጥ የሚለጠፉትን ቀይና አረንጓዴ የመብራት ገመዶች ግን ስትነዱ አጥፏቸው፤ የሚያያችሁን ሰው ያሳስታሉ።

ከገጠማችሁ በኋላ ማታ ግቢያችሁ ውስጥ ፈትሹ። ከጀልባው ፊት ለፊት ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ሁለቱም ቀለም ይታይ። ወደ ቀኛችሁ ጥቂት ስትራመዱ ቀዩ ብቻ፣ ወደ ግራችሁ ስትራመዱ አረንጓዴው ብቻ መቅረት አለበት። ከኋላ ደግሞ ነጩ ብቻ ይታያል። ይህ ካልሆነ ቡሎኑን አላልታችሁ መብራቱን አዙሩ፤ ሲሊኮኑን የምትቀቡት ከዚያ በኋላ ነው።