ጤፍ ሸጦ ዲግሪ ወይስ ፖሊቴክኒክ? ውጤት ላልመጣለት ልጅ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ከደጀን፣ ከቢቸና፣ ከደምበጫ ይደወላል። አጎት ይደውላል፤ የድሮ የክፍል ጓደኛ ይደውላል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ልጁ ማለፊያውን አላመጣም። ከፍዬ በግል ኮሌጅ ዲግሪ ላስይዘው ወይስ ፖሊቴክኒክ ይግባ?»

እኔን የሚጠይቁኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ስለምሠራ ነው። የሥራ ፈላጊው ማስረጃ በእጄ ያልፋል። ግን የምመክርበት ዋናው ምክንያቴ እሱ አይደለም። እኛ ቤት ይህ ግዢ አንዴ ተፈጽሟል፤ ዋጋውንም እስከ ሳንቲሙ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ አንዱን ልዝጋ። ልጁ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካመጣ ይሂድ፤ ለምክር አትደውሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት ያስተምረዋል፤ ዕዳው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ችግሩ ይህን የሚያመጣው ልጅ ጥቂት መሆኑ ነው። በ2014 ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። በ2017 እንኳ 8.4 በመቶ ነው። ስለዚህ የማወራው ስለ ቀሪው ልጅ ነው፤ ስለ ብዙው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ታናሽ ወንድሜ በ2012 የግል ኮሌጅ ገባ፤ አካውንቲንግ። የወር ክፍያው 950 ብር ነበር። በዓመት 10 ወር፣ በ4 ዓመት 38,000። የቤት ኪራይ በወር 700 ብር፣ በ48 ወር 33,600። ጤፍና ሽሮው ከቤት ይላካል፤ ለቀሪው በወር 1,000 ብር፣ ያ 48,000 ሆነ። ድምሩ 119,600 ብር። ሞጁልና ፎቶ ኮፒ አልቆጠርኩም። አባቴ በየዓመቱ ጤፉን የሚሸጠው ገና ከአውድማ ሳይነሳ ነበር፤ ዋጋው በሚወርድበት ሰዓት። በአራተኛው ዓመት አንድ በሬም ተሸጧል። ይህ የያኔ ዋጋ ነው። ዛሬ ያው ክፍል 2,500 ብር ነው የሚከራየው፤ ቀሪውን እናንተ አባዙት።

ከዚያ በ2015 ዲግሪ ለመያዝ የግድ የሚታለፍ የመውጫ ፈተና መጣ። በዚያ በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተማሪዎች ከ100 ያለፉት 62 ገደማ ሲሆኑ፣ ከግል ተቋማት ግን 17 ገደማ ብቻ ነበሩ። ወንድሜ ካላለፉት ውስጥ ነው። 38 አመጣ። አራት ዓመት ሙሉ ውጤቱ A እና B ነበር! ኮሌጁ ምን እንዳስተማረው የገባን ያን ቀን ነው። ሁለተኛው ዙር ሲደርስ እሱ ገጠር ቤት ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ ሳይፈተን ቀረ። በሦስተኛው አለፈ። ለማጠናከሪያ ትምህርት፣ ለትራንስፖርትና ለአልጋ ሌላ 6,000 ብር ወጣ። ዓመቱንም ቁጠሩት።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ በዚያው 2012 የመንግሥት ፖሊቴክኒክ ገባ፤ ብረታ ብረት። አክስቴ አልቅሳለች። «ልጄ ቀጥቃጭ ሊባልብኝ ነው?» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ በእኛ አገር ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል። ምኒልክ እንኳ ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል፤ ንቀቱ ግን እስከ ዛሬ ከየቤታችን አልወጣም። ልጁን ከሙያ የሚያርቀው ብዙ ጊዜ የእናት አባቱ እፍረት ነው።

የአክስቴ ልጅ ወጪ ይኸው። ሥልጠናው የቀን ስለሆነ ወርሃዊ ክፍያ አልነበረበትም። ኪራይ በ24 ወር 16,800፣ ለምግብ 24,000፣ ቱታና የደህንነት ጫማ 2,400፣ ለብቃት ምዘናው ከነትራንስፖርቱ 800። ድምር 44,000 ብር። ምዘናውን በመጀመሪያው አለፈ።

ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የብየዳ ማሽን ሲገዛ ርካሹን መረጠ፤ 8,500 ብር። ላዩ ላይ የታወቀ ምርት ስም ተለጥፎበታል። በሦስተኛው ሳምንት ደወለልኝ፤ «አያ፣ ማሽኑ ነደደ።» ሲፈታ የውስጡ የሽቦ ጥቅልል አልሙኒየም ነው፤ መዳብ ሆኖ ነው የተሸጠለት። ማስጠቅለያ 3,200 ብር ከፈለ፤ ወር ሳይቆይ ያው ሆነ። በመጨረሻ ከአንድ ሥራ ካቆመ በያጅ ያገለገለ ኦሪጅናል በ13,000 ገዛ፤ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ፎርጅዱ ያስወጣው 11,700 ብር ባክኖ ቀረ። ስለዚህ ልጃችሁን ሙያ ስታስተምሩ የዕቃ መግዣውን ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ አስገቡት። ማሽን ስትገዙ ክብደቱን አንሱ፤ አስፈትታችሁም ጥቅልሉን እዩ። ሻጩ አላስፈታም ካለ ውጡ።

ዛሬ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። በበጋ ደግሞ የተሰበረ የውሃ ሞተር ይዘው የሚመጡ ገበሬዎች አሉ፤ ሽንኩርትና ስንዴ በመስኖ የሚያለማ ሰው ሞተሩ ቆሞ ማደር አይችልም። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። መንገድ ሲዘጋ ቱቦላሬና ላሜራ ይወደዳል፤ ደንበኛው ይሸሻል። ባዶ የሚያድርበት ሳምንት አለ። ግን ከ2014 ጀምሮ ከቤት አንድ ብር አልጠየቀም።

«ዲግሪ እኮ ደመወዙ ጨመረ» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ወጥቷል። ጥያቄው ወንበሩ የታለ ነው። ባለፈው እኛ ዘንድ ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ማስታወቂያ ወጣ። የተመዘገበው 214 ሰው ነው። ከውስጡ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ነበር። እኔ የመዘገብኳቸው ልጆች ናቸው፤ ፊታቸው አይረሳኝም።

ዲግሪው ራሱ ፈቃድ የሆነበት ሙያ ሌላ ነው። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ያለ ዲግሪ አይሆንም። ልጁ በእውነት ያንን ከፈለገና ሪሚዲያሉን፣ ማለፊያ ያላመጣ ልጅ ከዲግሪ በፊት የሚወስደውን ማካካሻ ትምህርት፣ የሚያልፍ ከሆነ ይሞክር፤ እኔም እደግፋለሁ። የምቃወመው «ዝም ብሎ ከሚቀመጥ» ተብሎ የሚከፈለውን ማኔጅመንትና አካውንቲንግ ነው።

አንድ አጥብቄ የምለው። ከ50 በታች ያመጣን ልጅ ያለ ሪሚዲያል በቀጥታ ዲግሪ አስገባዋለሁ የሚል ኮሌጅ ካለ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ዕውቅና የሚሰጠው ደግሞ ለካምፓሱና ለትምህርት ክፍሉ ነው። አንድ ኮሌጅ ባሕር ዳር ላይ ዕውቅና አለው ማለት ፍኖተ ሰላም የከፈተው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አትመኑ፤ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። እኛ ቤት የተማረ የለም፤ ማን ያጣራልናል አትበሉ። እኔ ጋ ደውሉ፣ ወይ ቀበሌያችሁ ያለውን መምህር ለምኑ። የአንዲት ሠራተኛ ማስረጃ ለማጣራት ተልኮ «አናውቀውም» የሚል ደብዳቤ ሲመለስ አይቻለሁ። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሠርታበት ነበር።

ሙያም ሁሉ ሙያ አይደለም። በግል ኮሌጅ የሚሸጥ «ሌቭል 4 አካውንቲንግ» ያው የዲግሪው ችግር ነው፤ ስሙ ነው የተለየው። ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ ቧንቧ፣ የመኪናና የሞተር ጥገና ምረጡ። ከመመዝገባችሁ በፊት ወርክሾፑን ግቡና እዩ። ማሽኑ አቧራ ለብሶ ከቆመ፣ ልጁ የሚማረው በጥቁር ሰሌዳ ነው ማለት ነው። ሠልጣኞቹን እጃቸውን ተመልከቱ።

ወንድሜ ዲግሪውን ከያዘ ወዲህ 19 ቦታ አመልክቷል። አሁን የብየዳ አጭር ሥልጠና ጀምሯል፤ ቀን ቀን ከአክስቴ ልጅ ጋር ይውላል። ባለፈው እሑድ አባቴ ደወለ። የጠየቀኝ የብየዳ ማሽን ዋጋ ነው። ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «መዳቡን ነው?» አለኝ።