ለዳገት ከተማ የትኛው የብስክሌት ሞተር ይሻላል? ሦስት የመሃል ሞተሮች ሲነጻጸሩ

ከለገሀር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት በብስክሌት የወጣ ሰው የአዲስ አበባን ዳገት በጉልበቱ ያውቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ስለዚህ ዳገቱ ብቻ ሳይሆን አየሩም ይፈትናል። ላብ ታጥቦ ሸሚዝ የሚለወጥበት ቦታ በሌለበት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ታክሲ ቢሰለፍ አይፈረድበትም። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገዶች ከተሠሩ ወዲህ ግን ያ የተደገፈ ብስክሌት እንደገና ትዝ ያለው ሰው ብዙ ነው። የሚከተለው ጥያቄም ያው ነው፦ ሞተር ቢገጠምለትስ?

ይገጠማል። ሞተሩ የሚገጠመው ወይ ጎማው መሃል ላይ ነው፣ ወይ ፔዳሉ ዘንግ ላይ። ሁለተኛውን የመሃል ሞተር እንበለው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ የጎማ ሞተር ይበቃዋል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ካቴናም አይበላበትም። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ዳገት ለሚወጣ ሰው ነው።

ከዋቱ በፊት ማርሹ

ገዢ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። እስቲ እናስላው። ሰውዬው፣ ብስክሌቱ፣ ሞተሩና ባትሪው ተደምረው 100 ኪሎ ይሆናሉ እንበል። በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 330 ዋት ገደማ ያስፈልጋል፤ የጎማው ሰበቃና ነፋሱ ሲታከልበት 360 ይሆናል። ጤነኛ ሰው ሳይጨነቅ 100 ዋት ያህሉን በእግሩ ያዋጣል። ለሞተሩ የሚቀረው 260 ዋት ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ከመሃል ሞተሮች ሁሉ ትንሹ ሊሸከመው የሚችለው ሥራ ነው።

ታዲያ ዳገት ላይ ሞተር የሚቃጠለው ለምንድን ነው? በዝግታ ስለሚዞር ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር እየጎተተ በቀስታ ሲዞር ከባትሪው ከሚወስደው ኃይል ብዙው ወደ ጉልበት በመለወጥ ፋንታ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የጎማ ሞተር ከጎማው ፍጥነት ሌላ ምርጫ የለውም። የመሃል ሞተር ግን ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በካቴናው በኩል ስለሆነ ነጂው ትልቁን የኋላ ጥርስ ሲያስገባ ሞተሩም እንደ እግሩ ይቀለዋል። ለመሃል ሞተር ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ላይ የመሃል ሞተር መግጠም የተከፈለበትን ጥቅም ሜዳ ላይ እንደመጣል ይቆጠራል።

መጀመሪያ ይለኩ

እኔ የመጀመሪያውን ሞተር ያዘዝኩት ብስክሌቴን ሳልለካ ነበር። ዕቃው ደርሶ ሣጥኑን ስከፍት ነው የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት ቱቦ በጥርስ የሚጠበቅ ሳይሆን ኩሽኔታው ተገፍቶ የሚገባበት ሰፊ ዓይነት መሆኑን ያየሁት። ሞተሩ ውስጡ ተንገዋለለ። ሌላ ብስክሌት እስካገኝ ድረስ ለወራት አልጋ ሥር ተቀመጠ። ስለዚህ ይህን ክፍል ዘልላችሁ ወደ ዋጋው እንዳትሄዱ እለምናለሁ።

ከዚህ በታች የማነሣቸው ሦስቱም ሞተሮች የተሠሩት ስፋቱ ከጎን እስከ ጎን 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ለሆነ፣ ውስጡ ጥርስ ላለውና የውስጥ ስፋቱ 34 ሚሊ ሜትር ገደማ ለሆነ ቱቦ ነው። የውስጥ ስፋቱ ከዚህ የበለጠ ከሆነ ማስተካከያ ቀለበት ይፈለጋል፤ የወፍራም ጎማ ብስክሌት ከሆነ ደግሞ ረጅም ዘንግ ያለው ሞተር መታዘዝ አለበት። ሌላው መታየት ያለበት ከቱቦው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው የቀኙ ብረት ነው። ብረቱ ወዲያው ወደ ውጭ የሚጎብጥ ከሆነ የሞተሩ ማርሽ ቤት ይጋጨዋል። ከቱቦው ሥር የሚያልፉ የማርሽ ሽቦዎችም በሞተሩ ተጨፍልቀው ሊቀሩ ስለሚችሉ መንገዳቸው መታየት አለበት።

ቲኤስዲዜድ 2፦ እግርን የሚሰማው

የቻይናው ቶንግሼንግ የሚሠራው ቲኤስዲዜድ 2 ከሦስቱ በዋጋ ዝቅተኛው ነው፤ እኔ ደግሞ በጣም የምወደው እርሱን ነው። ምክንያቱ ውስጡ ያለው የጉልበት ዳሳሽ ነው። ፔዳሉ ላይ ምን ያህል እንደተጫንን ይለካል፣ በዚያው ልክ ያግዛል። ቀስ ብለን ስንገፋ ቀስ ብሎ፣ አጥብቀን ስንጫን አጥብቆ። የራሳችን እግር ድንገት የበረታ ይመስላል እንጂ ሌላ ሰው ከኋላ የሚገፋን አይመስልም። በእግረኛ፣ በታክሲና በጋሪ መካከል እየተሹለከለኩ ለሚሄዱበት መንገድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባትሪም ይቆጥባል፤ ካልገፉ አይሰጥምና።

አምራቹ የሚናገርለት የመዞር ጉልበት 80 ኒውተን ሜትር ነው። 17 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የፔዳል ክንድ ሲሰላ 48 ኪሎ የሚመዝን ሰው በፔዳሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ከመጫን ጋር እኩል ነው። ለአንድ ሰውና ለአንድ ቦርሳ ከበቂ በላይ ነው።

ድካሙስ? ሙቀት ነው። የውስጡ ሞተር ሙቀቱን ወደ ውጪኛው ሽፋን በደንብ ስለማያስተላልፍ ረጅም ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ካስጨነቁት ይግላል። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ አናት ሳያርፍ በሙሉ ኃይል መውጣት ለሚፈልግ ሰው ይህን ሞተር አልመክርም። ውስጡ ያለው ሰማያዊ የናይለን ጥርስም ከመጠን በላይ ሲጫንበት ይበላል። ይህ ግን እንደ ጉድለት ብቻ መታየት የለበትም፤ ሌላ ነገር ከመሰበሩ በፊት እርሱ እንዲሰበር የተቀመጠ ርካሽ ዕቃ ነውና አንድ መለዋወጫ አብሮ ማዘዝ ይበቃል። በክረምት ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ውስጥ መንዳት አይወድም፤ ውኃ ዳሳሹን ያሳስተዋል። አንድ ልማድም መያዝ አለበት፦ ሲበራ እግር ፔዳሉ ላይ መሆን የለበትም። ዜሮውን የሚለካው በዚያች ቅጽበት ስለሆነ እግራችንን ዜሮ ነው ብሎ ይቆጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ እገዛው ይዛባል።

ለኮምፒውተር ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በጎ ፈቃደኞች ለዚህ ሞተር የጻፉት ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ በርካሽ ማስተላለፊያ ሽቦ ተጭኖ የእገዛውን ጠባይ ከሥር መሠረቱ ይለውጣል።

ቢቢኤስ 02፦ ታዛዡ

ይህን ሞተር የሚሠራው ባፋንግ እንደ ቶንግሼንግ ሁሉ በቻይና የሱጁ ከተማ ኩባንያ ነው። ቢቢኤስ 02 በ48 ቮልት 750 ዋት ተብሎ ይሸጣል፤ መቆጣጠሪያው እስከ 25 አምፔር ይለቃል። ይህ ሲባዛ ለአጭር ጊዜ 1,200 ዋት ከባትሪው ይስባል ማለት ነው። ክብደቱ 4 ኪሎ ገደማ ነው።

የእርሱ ዳሳሽ የሚለካው ጉልበትን ሳይሆን ፔዳሉ መዞር አለመዞሩን ነው። ፔዳሉ ከዞረ፣ እግራችን ባዶውን ቢዞርም፣ በመረጥነው ደረጃ ኃይል ይሰጣል። ጉልበቱን ለሚያማቸውና በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ይህ በረከት ነው፤ አባቴ ቢጠይቀኝ የማዝዝለት ይህን ነው። በአውራ ጣት የሚገፋ ፍጥነት መስጫም ስላለው ከቆሙበት ዳገት ላይ ለመነሣት ይረዳል።

በሌላ በኩል እግር ቆሞ ሞተሩ ለአፍታ ይቀጥላል። ያቺ አፍታ መስቀለኛ መንገድ ላይ ትረዝማለች። ስለዚህ ከዕቃው ጋር የሚመጡትን ኃይል የሚያቋርጡ የፍሬን እጀታዎች አለመግጠም ከባድ ስሕተት ነው። የማርሽ ዳሳሹንም ጨምራችሁ እዘዙ፤ ማርሽ ሲቀየር ኃይሉን ለቅጽበት ይቆርጣል። ያለ እርሱ ሞተሩ እየጎተተ ማርሽ የሚቀይር ሰው ካቴናና የኋላ ጥርስ በመግዛት ይከስራል።

ለምን ብዙዎች ይህን ይመርጣሉ? መለዋወጫው በየአገሩ ስላለና ያጠናው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። መቆጣጠሪያው በኮምፒውተር ገመድ ይስተካከላል፤ ሲገዛ የነበረው አነሣሥ ጅራፍ እንደነካው ፈረስ ከሆነባችሁ ማለዘብ ይቻላል። አሮጌ ሥሪቱን በርካሽ የሚያቀርብ ሰው ካለ ግን አትግዙ። የቀድሞዎቹ መቆጣጠሪያ በቀላሉ ይቃጠል ስለነበር በስሙ መጨረሻ ላይ «ቢ» ያለበትን ፈልጉ።

ቢቢኤስ ኤችዲ፦ ጭነት ለሚያነሣ

ይህ የዚያው ኩባንያ ትልቁ ሞተር ነው። 1,000 ዋት፣ 30 አምፔር፣ 160 ኒውተን ሜትር፤ ክብደቱ ከ5 ኪሎ ተኩል በላይ። በውስጡ ብዙ ብረት ስላለ ሙቀት ለመሸከም ጊዜ አለው፣ ረጅም ዳገትም አይበግረውም። ዕቃ እያደረሰ ቀኑን ሙሉ የሚውል ወጣት ወይም ከኋላ ሳጥን የጫነ ነጋዴ ሌላ መመልከት የለበትም። ለተራ መንገደኛ ግን አይሆንም እላለሁ። ከመኪና ሞተር ጋር እንደሚወዳደር አድርጎ የሚያስመካ ጉልበት አለው፣ ነገር ግን የብስክሌት ካቴና፣ የብስክሌት ፍሬንና የብስክሌት ጎማ ለዚያ አልተሠሩም። ትልቁ ማርሽ ቤቱ የፊቱን ጥርስ ወደ ውጭ ስለሚገፋውም ካቴናው ወደ ትልቁ የኋላ ጥርስ ሲሄድ ይጣመማል፤ ወደ ውስጥ የጎደጎደ የፊት ጥርስ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል።

ከሦስቱ ውጭ፣ የሆንግ ኮንጉ ኩባንያ ሲዋይሲ የሚሠራው ፎቶን የተባለ የመሃል ሞተር የጉልበት ዳሳሽንና ትልቅ ኃይልን አንድ ላይ ያቀርባል። ጥሩ ሞተር ነው፤ ዋጋው ግን ከሦስቱም ይበልጣል፣ መለዋወጫውም እንደ ባፋንግ በየቦታው አይገኝም።

በውጭ የምትኖሩ አንባቢዎች ከመግዛታችሁ በፊት ሕጉን እዩ። በአውሮፓ ኅብረት ያለ ታርጋ የሚነዳው እስከ 250 ዋት የሆነና ከ25 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ የማያግዝ ነው፤ እስራኤልም ይህንኑ መጠን ትከተላለች። በአሜሪካ የፌዴራሉ ትርጓሜ ከ750 ዋት በታች ይላል፣ ዝርዝሩ ግን በየግዛቱ ይለያያል። ቢቢኤስ ኤችዲ ከሁሉም ያልፋል። ለአውሮፓና ለእስራኤል ቲኤስዲዜድ 2 ባለ 250 ዋቱ ይገኛል።

ባትሪው በሻንጣ አይመጣም

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ዕቃ የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው። ሞተሩ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ባትሪው ግን አይገባም። በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ መያዝ የተከለከለ ነው፤ ከትናንሾቹ የብስክሌት ባትሪዎች አንዱ፣ ባለ 36 ቮልት 10 አምፔር ሰዓቱ፣ 360 ዋት ሰዓት ነው። ዘመድን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከማስጨነቅ፣ ከዚያም በላይ የሰው ሕይወት ካለበት አውሮፕላን ውስጥ እሳት ሊያስነሣ የሚችል ነገር ከመደበቅ፣ በአደገኛ ዕቃ ደንብ መሠረት በካርጎ እንዲመጣ ማድረግ ይገባል። ስለዚህ የሞተሩን ቮልት ከመምረጣችሁ በፊት የትኛውን ባትሪ ማግኘት እንደምትችሉ እወቁ። የ48 ቮልት ሞተር በ36 ቮልት ባትሪ አይሠራም።

መጠኑን ለመገመት ይህን ስሌት ያዙ፦ 100 ኪሎን 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት 27 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፣ የሚባክነው ሲታከል ከባትሪው 35 ገደማ ይወጣል። ባለ 48 ቮልት 14 አምፔር ሰዓት ባትሪ 672 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከመስቀል አደባባይ ሽሮ ሜዳ ለሚመላለስ ሰው ለቀኑ ተርፎት ያድራል። በ2 አምፔር ቻርጀር 7 ሰዓት ስለሚፈጅ ማታ ተሰክቶ ጠዋት ይነሣል፤ ሰው ከሚተኛበት ክፍልና ከመውጫ በር ርቆ ቢሰካ ይመረጣል።

ከሞተሩ ጋር የሚታዘዙ

ሦስቱም ሞተሮች ቁልቁለት ላይ ባትሪ አይሞሉም፣ ብስክሌቱንም አይዙም። ከእንጦጦ ሲወረድ የሚያቆመው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ብስክሌቱም ከባትሪውና ከሞተሩ የተነሣ ከ7 ኪሎ በላይ ከብዷል። በላስቲክ ጠርዙን የሚይዝ ፍሬን ብቻ ያለው ብስክሌት ከሆነ ከሞተሩ ገንዘብ ቀንሶ ለዲስክ ፍሬን ማዋል፣ ሞተሩንም አንድ ደረጃ አነስ ያለ መግዛት ይሻላል።

አሮጌውን የፔዳል ክንድ መንቀያና የሞተሩን ዋና ቀለበት ማጥበቂያ ቁልፍም አብራችሁ እዘዙ። ቀለበቱ ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ ይላላል፤ ካልጠበቀ ሞተሩ በቱቦው ውስጥ እየተወዛወዘ ጥርሱን ይበላዋል። በመዶሻና በመሮ መትቶ ለማጥበቅ የሚሞክር ጥገና ቤት አጋጥሞኛል። ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ በሁለት ደቂቃ ጨረሰው።