ሰፊ የኋላ ጎማ በአሮጌ ዲቲ ላይ፦ የአሥር ወር ልምዴ

ያማሃ ዲቲ 125 ሞተሬ የኋላ ጎማዋ ከፋብሪካ 4.10-18 ነበር (የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ 18 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በኢንች)። ኅዳር ላይ አውጥቼ 4.60-18 አስገባሁላት። አሁን መስከረም ነው፤ በጋውንም ክረምቱንም በዚሁ ጎማ ነዳሁ። አሮጌ ሞተር ላይ ሰፋ ያለ ጎማ ለመግጠም የምታስቡ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ነው። የወረዳዋን ከተማ እነዋሪን የሚያውቅ ሰው መሬቷን ያውቃል። ሜዳው ጥቁር መረሬ ነው፣ ስንዴ ይወዳል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ እንደ ሊጥ ይሆናል። ሞተሯን የገዛኋት ከጨረታ ነው። ከኋላዬ ሁልጊዜ የክትባት ሣጥን ይታሰራል። ጎማ ለመቀየር ያነሳሳኝም እሱ ነው። ኮረኮንች ላይ ድንጋይ በመታሁ ቁጥር ምቱ ቀጥታ ሣጥኑ ጋ ይደርስ ነበር። ቸርኬዬም፣ ጎማው የሚያርፍበት ክብ ብረት፣ ሁለት ቦታ ጎድጉዶ ነበር።

ሰፊ ጎማ ማለት መሬት ላይ ሰፋ ብሎ የሚያርፍ ጎማ ይመስለኝ ነበር። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ቸርኬዬ ላይ 1.85×18 የሚል ተመትቷል። 1.85 ኢንች የቸርኬው የውስጥ ስፋት ነው። 4.60 ጎማ ደግሞ ቢያንስ 2.15 ቸርኬ ሲያገኝ ነው በደንብ የሚዘረጋው። ጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ከግራና ከቀኝ ይቆነጠጥና መሃሉ ሾጠጥ ይላል። 4.60 ኢንች ወደ 117 ሚሊሜትር ነው። ገጥሜ፣ ነፍቼ በካሊፐር ብለካው 112 ሆነ።

ይበልጥ ያስገረመኝ ግን የጠመኔው ሙከራ ነው። ደብረ ብርሃን አስፋልት ላይ ጎማውን ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ አሰመርኩበት። ትንሽ ቀጥ ብዬ ነዳሁና ወርጄ አየሁት። ጠመኔው የጠፋው መሃል ላይ ብቻ ነበር፤ ሦስት ጣት የሚሆን ስፋት። ዳርና ዳሩ እንደተሰመረ ነው። የድሮውን 4.10 በነገታው መልሼ በዚያው ንፋስ ሞከርኩት። ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያን ቀን ቅስሜ ተሰበረ፤ ቢሆንም ከገዛሁት አይቀር ብዬ ቀጠልኩ።

ጥቅም የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ጎማው ቁመት ይጨምራል፤ በእኔ ልኬት ከቸርኬ እስከ መሬት አንድ ሴንቲሜትር ያህል። ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው ጋ ሳይደርስ የሚታመቀው ንፋስ ስለበዛ ምቱ ለስለስ ይላል። በአሥር ወር ቸርኬዬ አዲስ ጉድጓድ አላየም። የክትባት ብልቃጥም አልተሰበረብኝም። ለእኔ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከፍታው ግን ዋጋ አለው። የጎማው ዙሪያ ሦስት በመቶ ገደማ ስላደገ ሞተሯ ማርሽ የረዘመባት ያህል ነው። እኛ ያለነው ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ትንሿ ሞተር ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ፣ በፊት በሦስተኛ የምትወጣውን አሁን ሁለተኛ ትለምናለች። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን አይዛባም፤ ዲቲ ላይ የሚያነበው ከፊት ጎማ ነው።

ስለ ከመነዳሪ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚቸገርበት እዚህ ነውና። ጎማውን የገጠመልኝ ጎሚስታ «ከመነዳሪው ገና ደህና ነው ዶክተር፣ ይበቃል» ብሎ የድሮውን 4.10 ከመነዳሪ መልሶ ከተተው። እኔም ዝም አልኩ። ትንሽ ከመነዳሪ በትልቅ ጎማ ውስጥ ሲነፋ ተለጥጦ ይሳሳል። በሦስተኛው ሳምንት በትንሽ እሾህ ፈነዳ። ከዚያ በልኩ ገዛሁ። ጎማ ስታስገጥሙ ከመነዳሪው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። ተነፍቶ ሲያልቅም ቸርኬው ዳር ጎማው ላይ ያለችውን ስስ መስመር ዙሩና እዩ። አንድ ቦታ ከገባች ጎማው አልተቀመጠም ማለት ነው፤ በሳሙና ውሃ አርጥቦ እንደገና ማስነፋት ነው።

የንፋሱን ልክም በስህተት ነው የተማርኩት። ሐምሌ ላይ ጭቃ እንዲይዝልኝ ብዬ ወደ 16 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) አወረድኩት። ከሁለት ቀን በኋላ ቫልቮላው ወደ ጎን ተጋድሞ አገኘሁት። ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ከመነዳሪውን አብሮ እየጎተተው ነበር። አንድ ቀን ቢያድር ኖሮ ከሥሩ ይበጠስ ነበር። አሁን ብቻዬን ስሆን 22፣ ሰው ስጭን 26 እይዛለሁ። በ22 ከባድ ጭነት ከያዝኩ የኋላው በኩርባ ላይ ይዋልላል፤ የጎማው ጎን በጠባብ ቸርኬ ላይ ድጋፍ ስለሚያጣ ነው።

ወደ መረሬው ልምጣ። የኋላውን ጎማ ግራና ቀኝ በያዘው ሹካና በጎማው መካከል በፊት አውራ ጣቴ በቀላሉ ይገባ ነበር። አሁን ትንሿ ጣቴም በግድ ነው። በካቴናው በኩል ደግሞ የጎማው የጎን ጥርሶች ተፍቀው አገኘሁ። ካቴናውን ትንሽ ረዘም ባለ ቀይሬ ጎማውን ወደ ኋላ ሳብኩት፤ ፍቅፋቄው ቆመ። አንዳንዱ የጎን ጥርሱን በቢላ ይቆርጣል። እኔ አልመክርም፤ ጭቃ የሚይዘው እሱ ነው።

በጋውን ይህ ሁሉ አያስቸግርም። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ግን ከጅሁር ወዲህ አንድ ማሳ ዳር መረሬው ጎማውና ሹካው መካከል ገብቶ እንደ ጡብ ተጠቀጠቀ። ጎማው መዞር አቆመ። ሙሉ ነዳጅ ብሰጣትም ትጮኻለች እንጂ አትነቃነቅም። አንድ አባት በሬዎቻቸውን አቁመው መጡ። «አይዞህ ዶክተር» ብለው በእንጨት እየጎረጎሩ አወጡልኝ። ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ ደግሞ ሞላ። አራት ጊዜ ወርደን ጠረግን። «ባለፈው ክረምት በዚችው ሞተር እዚሁ አልፈህ የለ?» አሉኝ አባባ። እውነታቸውን ነው፤ ያኔ 4.10 ነበር።

2.15 ቸርኬ ፈልጎ በአሮጌው መሃል (ሽቦዎቹ በሚነሱበት ክፍል) ላይ በአዲስ ሽቦ ማስወጠር ይቻላል። ጎማው በደንብ ይዘረጋል፣ በኩርባም መዋለሉ ይቀንሳል። ሹካው ግን አይሰፋም፤ እንዲያውም ጎማው ሲዘረጋ ክፍተቱ ይብስ ይጠባል። የእኛ አገር ጭቃ ላይ የሚነዳ ሰው ቸርኬ ከመቀየሩ በፊት ይህን ክፍተት ይለካ። አሸዋና ኮረኮንች ብቻ ላለበት አካባቢ፣ ወይም ለከተማ ኮብልስቶን፣ 4.60ውን ደስ ብሎኝ እመክራለሁ።

ትናንት ጥርሱን ለካሁት። መሃሉ 5 ሚሊሜትር ቀርቶታል፤ ዳሩ ገና 9 ነው። መሃሉ ብቻ መሬት ስለሚነካ መሃሉ ብቻ ነው የሚበላው። ይህን በጋ ይጨርሰዋል ብዬ አስባለሁ። 4.10ውን አጥቤ ጥላ ሥር ሰቅዬዋለሁ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ አስገባዋለሁ።