ሳቢ ሳንድ የአንበሳ ሳፋሪ፦ ብሩ የሚወጣው ለአልጋው ሳይሆን ለጋይዱ (ለአስጎብኚው) ነው

እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ (ጆሃንስበርግ) ያለነው አበሾች እረፍት ስናገኝ ደርባን ነው የምንሮጠው። አንበሳ ለማየት ብዙ ሺህ ራንድ ከፍዬ ሳቢ ሳንድ ልሄድ ነው ስል ጂፒ፣ የአበሻው ሰፈር፣ ያሉ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። "አገር ቤት ስትገባ ስድስት ኪሎ ታየው የለ እንዴ!" አለኝ አንዱ። እውነቱን ነው፣ አንበሳ ማየት ብቻ ከሆነ።

እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ወንድ አንበሶች ተቧድነው ግዛት ሲቀማሙ የሚያሳዩትን ቪዲዮዎች ስከታተል ቆይቻለሁ። ስለነሱ ስታወሩ የማያውቅ ሰው ቢሰማችሁ የቤተ መንግሥት ወሬ የምታወሩ ነው የሚመስለው። ማን ማንን ገለበጠ፣ ማን ከወንድሙ ተጣላ፣ ማን ሸሸ። ኮመንቱ ላይ ደግሞ ሰው ማፖጎና ማጂንጊላኔ በሚባሉት ሁለት የወንድ አንበሳ ቡድኖች ጎራ ለይቶ ልክ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊ ይሰዳደባል። ያንን ታሪክ በተፈጸመበት መሬት ላይ፣ ከሚያውቅ ሰው አፍ ልስማው ብዬ ነው የሄድኩት። አገልግሎቱንም የምገመግመው በዚሁ ነው። መዋኛ ገንዳውን አልነካሁትም።

ሳቢ ሳንድ ከክሩገር ብሔራዊ ፓርክ በስተምዕራብ የተጎራበተ የግል ጥብቅ ስፍራ ነው፤ 65 ሺህ ሄክታር ገደማ። ከጆበርግ በኔልስፕሩትና በሄዚቪው በኩል በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል፣ መጨረሻው ኮረኮንች ነው። ከክሩገር ጋር የሚለየው አጥር በ1993 ተነስቷል (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ይቺን አጥር ልብ በሉልኝ። አጥሩ ስለሌለ ክሩገር ውስጥ ያደጉ ጎረምሳ ወንዶች እንደልባቸው ይገባሉ፤ እዚህ የነገሠ ሁሉ አንድ ቀን ከምሥራቅ ጠላት ይመጣበታል።

የሎጁን ስም አልጠራም፣ ወደታች የማማርረው ነገር ስላለ። ዋጋው ለአንድ ሰው በአዳር ከአስር ሺህ ራንድ ከፍ ይላል፣ እዚያ አካባቢ ደግሞ ይሄ ርካሽ ከሚባሉት ነው። ምግቡና በቀን ሁለቴ የሚደረገው ጉዞ፣ ማለትም የንጋቱና የማታው፣ እዚሁ ውስጥ አለ። ምግቡ ጥሩ ነው። አልጋውም ጥሩ ነው። በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መኪናው ጣሪያ የሌለው ላንድክሩዘር ነው። ጋይዱ ይነዳል፣ ትራከሩ (ዱካ ፈላጊው) ከፊት ኮፈኑ ላይ በተገጠመች ወንበር ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። የእኛ ትራከር የአካባቢው ተወላጅ፣ የሻንጋን ሰው፣ ጠና ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ። በንጋት ጉዞ ላይ እጃቸውን አነሱ፣ መኪናው ቆመ፣ ወርደው አሸዋው ላይ አጎነበሱ። እኔ ያየሁት የተረጋገጠ አሸዋ ነው። እሳቸው ግን ሁለት ወንዶች ጎን ለጎን እንደሄዱ፣ ሌሊት ጤዛ ሳይወርድ በፊት እንዳለፉ፣ አንደኛው የኋላ እግሩን በትንሹ እንደሚጎትት ነገሩን። ጤዛው ዱካው ውስጥ ሳይነካ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሲያሳዩኝ እኔም አየሁት። ጋይዱ እየተረጎመ፣ እሳቸው በጣታቸው እየጠቆሙ፣ ያንን ዱካ ተከትለን ገባን።

አገኘናቸው። ሁለት ወንድማማቾች፣ አምስት ዓመት አካባቢ፣ በቅርቡ ከክሩገር በኩል የገቡ። አንዱ አፍንጫው ላይ ገና ያልደረቀ ጭረት አለው። እግሩን የሚጎትተው ደግሞ ሌላኛው ነው፤ ሽማግሌው ልክ ነበሩ። ትንሽ ሄድ ይላሉ፣ ቁጥቋጦ ላይ ፊታቸውን ያሻሻሉ፣ ዞረው ሽንታቸውን ይረጫሉ፣ በኋላ እግራቸው መሬቱን ይፍቃሉ። ሽታው መኪናው ድረስ ይመጣል፣ አይረሳም። ከዚያ አንደኛው አገሳ። አስር ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ ስትሆኑ የምትሰሙት በጆሮ ብቻ አይደለም፣ የተቀመጣችሁበት ብረት ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሌላኛው ተቀበለው። ከዚያ ሁለቱም ዝም ብለው አዳመጡ። መልስ አልመጣም።

ጋይዱ ጎበዝነቱን ያሳየው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ቀስ እያለ አስረዳን። የአንበሳ ድምፅ እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ይሰማል። ሰሚው ደግሞ ይቆጥራል። ታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ላይ ከ1966 ጀምሮ አንበሳ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች አሉ፤ የማይታወቁ አንበሶችን ድምፅ በድምፅ ማጉያ እያሰሙ ሞክረውታል። አንበሶቹ ከመግጠማቸው በፊት የሚያገሳው ስንት እንደሆነና እነሱ ስንት እንደሆኑ ያመዛዝናሉ። ስለዚህ አብዛኛው ጦርነት ሳይነሳ በጩኸት ያልቃል። ቪዲዮ ላይ የምናየው ደም ጩኸቱ ያልፈታው ጉዳይ ነው።

ጎፈሩም ሥራ አለው። እነዚሁ ተመራማሪዎች የአሻንጉሊት አንበሶች አቁመው አይተዋል፤ ወንዶቹ ጥቁር ጎፈር ካለው ይሸሻሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ እሱን ይመርጣሉ። ጥቁር ጎፈር በደንብ የበላና ሆርሞኑ የበዛ ወንድ ምልክት ነው። ይሄን ስሰማ የስድስት ኪሎዎቹ ትዝ አሉኝ፤ ጎፈራቸው ጠቁሮ እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርደው። እዚህ ቢለቀቁ ቢያንስ በመልካቸው አይናቁም።

የማፖጎን ታሪክ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ጋይዱ ፈገግ አለ፣ ሁሉም ጎብኚ ነው የሚጠይቀው። በአጭሩ ስድስት ወንዶች ነበሩ፤ ማኩሉ፣ ራስታ፣ ድሬድሎክስ፣ ፕሪቲ ቦይ፣ ኪንኪ ቴይልና ሚስተር ቲ። ስማቸው በጭካኔው ከታወቀ የደቡብ አፍሪካ የጥበቃ ድርጅት የተወሰደ ነው። በ2006 ሳቢ ሳንድን መቆጣጠር ጀመሩ። ስድስት ወንድ አንድ ላይ ማለት እንግዲህ ቀልድ አይደለም፤ የተለመደው ሁለት ሦስት ነው። ሁለት ሦስት ሲሆኑ የማይዛመዱም ሊጎዳኙ ይችላሉ፣ አራትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአንድ መንጋ ልጆች ናቸው። ስድስቱ ጎሽና ጉማሬ ሳይቀር ይጥሉ ነበር። ከመቶ በላይ አንበሳ ገድለዋል ይባላል። ጋይዱን ስጠይቀው "ማን ቆጥሮ?" አለኝ። ይሄ መልሱ ብቻ ግማሹን ብር ይመልሳል።

የጣላቸው መከፋፈል ነው። ሚስተር ቲና ኪንኪ ቴይል ተለይተው ወደ ሰሜን ወጡ፣ ሁለት ብቻ ሆኑ ማለት ነው። ሰኔ 2010 ላይ ማጂንጊላኔ የሚባሉት ወጣቶች ገቡ። ኪንኪ ቴይል ተከቦ ተገደለ፤ ሚስተር ቲ ሸሽቶ ጥሏቸው ወደነበሩት ወንድሞቹ ተመለሰ። እሱንም በ2012 ሌላ ጥምረት ገደለው፣ ማፖጎም በዚያው አከተመ። ጋይዱ ይሄን ሲያወራ ድራማ አላበዛበትም፣ ስድስት ዓመት መግዛት ለወንድ አንበሳ ረጅም ነው ብሎ አለፈ። አማካዩ ሁለት ሦስት ዓመት ነው።

እዚህ ጋ አንዲት ሴትዮ ለምን ደቦሎቹን ይገድላሉ ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ደግሞ ሒሳብ ነው። ደቦል ራሱን እስኪችል ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። እናቱ እስከዚያ ሌላ አትወልድም። አዲሱ ንጉሥ ያለው ጊዜ በአማካይ ይኸው ሁለት ሦስት ዓመት ነው። ከጠበቀ የሌላ ልጅ ሲጠብቅ ሥልጣኑ ያልቃል። ስለዚህ ትንንሾቹን፣ በተለይ ዘጠኝ ወር ያልሞላቸውን፣ ይገድላል፤ እናትየዋ ብዙም ሳትቆይ ለእርባታ ትዘጋጃለች፣ እርግዝናው ሦስት ወር ተኩል ነው። ሴትዮዋ ፊቷ ጠቆረ። ጋይዱም አላባበላትም፣ ወደድኩት።

አሁን ምሬቴን ልናገር። አንደኛ፣ የሎጁ ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈው ቪዲዮ ሁሉ ድብድብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም፣ አብዛኛው ጊዜ አንበሳ ተኝቶ ነው የምታገኙት። ያንን አይቶ የሚመጣ ሰው መበሳጨቱ አይቀርም፤ ከእኛ መኪና አንዱ "መቼ ነው የሚጣሉት?" እያለ ጋይዱን ሲነዘንዘው ነበር። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ማታ ጋይዳችን ፈቃድ ወጥቶ የተተካልን ልጅ እንደ ታክሲ ሹፌር ነው የነዳን። ዝሆን፣ ፎቶ፣ እንሂድ። ጎሽ፣ ፎቶ፣ እንሂድ። አንድ ጥያቄ በቅጡ አልመለሰም። ያው ዋጋ ነው የከፈልነው እኮ! ሦስተኛ፣ አንድ እንስሳ ጋ ከሦስት መኪና በላይ አይቆምም፣ ጥሩ ሕግ ነው፣ ግን በሬድዮ ተራ እየተጠበቀ ስለሆነ በጣም ደስ የሚለው ሰዓት ላይ "ቦታ ልቀቁ" ትባላላችሁ።

በራሳችሁ መኪና ክሩገር መግባትስ? በጣም ይረክሳል፣ ልጆች ላለው ሰው እሱ ይሻላል፤ ብዙ የግል ሎጆች ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጉዞ ላይ አይወስዱም። ግን ክሩገር ውስጥ ከመንገድ መውጣት ክልክል ነው፣ ሲመሽ ደግሞ በር ይዘጋል። ወንድ አንበሳ ግዛቱን የሚዞረው በዚያው ሰዓት ነው። እኛ ዱካውን ተከትለን ቁጥቋጦ ውስጥ የገባነውን አይነት ነገር እዚያ አታገኙም።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በተተኪው ጋይድ ነው። የምትሄዱ ካላችሁ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሂዱ፤ ክረምታቸው ነው፣ የነሱ ክረምት ደግሞ ብርድ እንጂ ዝናብ አይደለም፣ ሣሩ ደርቆ ስለሚያጥር ዱካውም እንስሳውም ይታያል። ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጋቢ ያለው ጋቢውን ይያዝ፣ እኔ ተከናንቤው ስሄድ ፈረንጆቹ ከየት ገዛኸው እያሉ ጠየቁኝ። አካባቢው ወባ ስላለበት ሐኪም አማክሩ። ከመክፈላችሁ በፊት ኢሜይል ጽፋችሁ ጋይዱና ትራከሩ ስንት ዓመት አብረው እንደሠሩ፣ ሙሉ ቆይታችሁንም እነሱው እንደሚይዟችሁ ጠይቁ። ለአገሩ ነዋሪ ቅናሽ የሚያደርጉ ሎጆችም አሉ፣ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም።