ሱቄ ተሰብሮ ያየሁት የፖሊስ ምርመራ፣ ባሕር ዳር

ስለ ሆቴልና ስለ ካፌ አስተያየት እንጽፋለን፤ ስለ ፖሊስ ጣቢያም መጻፍ አለበት። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ያለችው የሞባይል ሱቄ ሌሊት ተሰብራ ተዘርፋ ነበር። ባጭሩ፦ ምርመራው አንጀቴን አርሶታል፣ የቢሮው መስተንግዶ ግን አናዶኛል።

ሰፈሩ በሙሉ ጣቱን የቀሰረው በሽማግሌው ዘበኛችን ላይ ነው። «ያዙትና ያወጣዋል» የማይል አልነበረም። መርማሪዋ ሳጅን ግን ሰውየውን እንደ ማንኛውም ምስክር አክብረው ቃሉን ተቀበሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ልክ ናቸው! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን፣ የተያዘ ሰውም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ተጽፏል፤ በጥርጣሬ ብቻ ሽማግሌ አስሮ ማንገላታት ዘበኛውን ከመጉዳት አልፎ ለእውነተኛው ሌባ ጊዜ መስጠት ነው።

የተሰበረውን ቁልፍ ማንም እንዳይነካው ከልክለው በጓንት አንስተው ፖስታ ውስጥ አሸጉት፣ ላዩ ላይም ቀኑን ጽፈው ፈረሙበት። ከዚያ ፊት ለፊት ወዳለው ፋርማሲ ካሜራ ሄዱ። ካሜራው የተሞላው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ያውም ወደ ኋላ የቀረ። ሳጅኗ ከስልካቸው ሰዓት ጋር አስተያይተው ልዩነቱን በደቂቃ መዝገቡ ላይ አሰፈሩት፤ ያለዚያ ነገ ፍርድ ቤት ላይ ጠበቃ «ሰዓቱ አይገጥምም» ብሎ ቪዲዮውን ሊጥልባቸው ይችላል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነው ሰው የሚያስመሰግነው።

ስልኮቹን ያስገኘው ግን ካርቶን ነው። እያንዳንዱ ስልክ 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው፣ ካርቶኑ ላይም ተለጥፏል። ቁጥሮቹን ለጥገና ቤቶች በተኑት፣ ከአንዱ ጥቆማ መጣ፣ የተወሰኑት ተያዙ። እናንተም አሁኑኑ *#06# ደውሉና የስልካችሁን ቁጥር ወረቀት ላይ ያዙ።

ያናደደኝን ልንገራችሁ። ቃል ለመስጠት «ነገ ና» እየተባልኩ ተመላለስኩ። ፎቶ ኮፒውም በራሴ ወጪ ነው። የተገኙት ስልኮች ኤግዚቢት (ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ) ስለሆኑ ወዲያው እንደማይመለሱልኝ እንኳ የነገረኝ ጣቢያው ሳይሆን ጠበቃ ጓደኛዬ ነው። የተዘረፈ ሰው ይህን ለማወቅ ዘመድ መፈለግ አልነበረበትም፣ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ቢለጠፍ ይበቃል።

ከሄዳችሁ የመዝገብ ቁጥራችሁን ሳትይዙ እንዳትወጡ። እኔ ቁጥሩን ስጠራ ነው ፋይሌ ቶሎ የሚገኝልኝ።