ተከፋች ወይስ ቋሚ ስለት? ለአጋዘን አደን የፍላጻ ጫፍ ከመግዛታችሁ በፊት

ቨርጂኒያ ውስጥ የቀስት አደን የሚከፈተው በኦክቶበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ወንዱ አጋዘን ሴት ፍለጋ የሚቅበዘበዝበት ምርጡ ሰሞን ደግሞ የኖቬምበር አጋማሽ ነው፤ ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል መሆኑ የእኛ ሰው ዕድል ነው። ለማንኛውም፣ ብሮድሄዱን (ባለ ስለቱን የአደን ፍላጻ ጫፍ) አሁን መምረጥ ያስፈልጋል።

ተከፋቹ፣ ሜካኒካልም የሚባለው፣ ስለቱን አጥፎ ይበርና እንስሳውን ሲነካ ይከፈታል። ሻጮቹ የሚያወሩት ስለ ስፋቱ ነው፦ ብዙዎቹ ከ1.5 እስከ 2 ኢንች ይቆርጣሉ፣ ቋሚው ግን ባብዛኛው ከ1 እስከ 1¼ ኢንች ነው። ለእኔ ከስፋቱ ይልቅ የሚያሸንፈኝ አበራረሩ ነው። ታጥፎ ስለሚሄድ ስለት የሌለው የልምምድ ጫፍ ከሚመታበት ብዙም ሳይርቅ ይመታል። ቋሚው ስለት ነፋስ ይይዛል፤ ቀስቱ በደንብ ካልተስተካከለ በ20 ያርድ ያላያችሁት ስሕተት በ40 ያርድ ስንዝር ሊሞላ ይችላል።

ይሁንና ተከፋቹን የሚከፍተው የፍላጻው የራሱ ጉልበት ነው፤ ለመክፈቻ የወጣው ለመብሳት አይተርፍም። 400 ግሬይን (የፍላጻ ክብደት መለኪያ) የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 270 ጫማ ሲሄድ 65 ፉት-ፓውንድ ያህል ጉልበት አለው፤ ለአጋዘን በቂ ነው። ቀለል ያለ ቀስት የሚገትር ሰው 380 ግሬይኑን በ220 ጫማ ቢለቅ ግን 41 ገደማ ነው ያለው። ለእሱ 2 ኢንች ተከፋች አልመክርም። ጠጉር እስኪላጭ የተሳለ ባለ ሁለት ስለት ቋሚ ይግዛ፣ በወዲያኛው ጎን የመውጣት ዕድሉ ይሰፋል። ዛፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚያነጣጥር ይህ ትልቅ ነገር ነው። መግቢያው ከፍ ብሎ ስለሚቀር መውጫ ከሌለ ደሙ ደረት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቅጠሉ ላይ ጠብታ ፍለጋ ስትንበረከኩ ታመሻላችሁ።

አጥንትም አለ። ወርች የበለተ ሰው ያቺን ጠፍጣፋ አጥንት ያውቃታል፤ ጠርዟ ስስ ነው፣ ወደ መገጣጠሚያው ስትጠጋ ግን ድንጋይ ናት። እዚያ ላይ እንደ ጂ5 ሞንቴክ ያለ ከአንድ ብረት የተሠራ ቋሚ ጫፍ የሚወልቅበት ነገር የለም። ተከፋች ግን አጋዘኑ ሰያፍ ሆኖ ሲቆምም ሊንሸራተት ይችላል። ወጪውን ካነሣን፣ ቋሚው ተስሎ ይመለሳል፤ ተከፋቹ ስለትና መያዣ ቀለበት ይጠይቃል።

ደንቡን በየዓመቱ እዩት። ቨርጂኒያም ኮሎራዶም ጫፉ ቢያንስ 7/8 ኢንች ስፋት እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ ሜካኒካልን ከልክለው የኖሩ የምዕራብ ግዛቶችም ነበሩ።

60 ፓውንድና ከዚያ በላይ የምትገትሩ፣ አጋዘን ብቻ የምታድኑ፣ ቀስት ለማስተካከል ጊዜ የሌላችሁ 1.5 ኢንች ተከፋች ውሰዱ፤ 2 ኢንቹ ለማስታወቂያ ያምራል። ኤልክ (ግዙፉን የአጋዘን ዘመድ) ለማደን ኮሎራዶ የምትወጡ ወይም ቀስታችሁ ቀላል የሆነ ቋሚውን ያዙ። ክብደቱ ከልምምድ ጫፋችሁ እኩል ይሁን፤ 100 ከሆነ 100፣ 125 ከሆነ 125 ግሬይን። እሽጉ ውስጥ ካሉት ሦስት ጫፎች አንዱን ለልምምድ መድቡት፣ ሳትስሉት ወደ አደን አትመልሱት።